የሞተሩ ማኬሌሌ ማነው? ስታንዳርድ ብሎን ወይስ የተሻሻለ?

እ.ኤ.አ. በ2003 ክረምት ሪያል ማድሪድ ዴቪድ ቤካምን ከማንቸስተር ዩናይትድ ገዝቶ ክላውድ ማኬሌሌን ለቼልሲ ሸጠ። ፊጎ፣ ዚዳን፣ ሮናልዶ፣ ራውል፣ በዚያ ላይ ቤካም! በወረቀት ሲታይ ዓለምን ጠቅልሎ የሚበላ ቡድን ነበር። በዚያን ጊዜ ዚነዲን ዚዳን ተናገረው ተብሎ እስከ ዛሬ የሚጠቀስ አንድ ነገር አለ። ቤንትሊዋ ሞተሯን እያጣች ሌላ የወርቅ ቅብ መደረብ ምን ይፈይዳል የሚል ነው። ከዚያ በኋላ የሆነውን የኳስ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ማድሪድ የሊጉን ዋንጫ እንደገና ለማንሳት እስከ 2006/07 ድረስ መጠበቅ ግድ ሆነበት። ማኬሌሌ ደግሞ በ2004/05 በሊጉ 15 ጎል ብቻ በገባበት ቼልሲ ውስጥ መሀል ሜዳውን ይዞ ሻምፒዮን ሆነ።

ይህ አባባል ለኳስ የተነገረ ምሳሌ ነው። መኪና ሞዲፋይ በሚደረግባቸው ጋራዦች ግን ምሳሌ መሆኑ ይቀርና ቃል በቃል እውነት ይሆናል። ተርቦ፣ ትልቅ ጭስ ማውጫ፣ የሚያብረቀርቅ ቸርኬ፣ ከውጭ የመጣ ካምሻፍት፤ እነዚህ ጋላክቲኮሶቹ ናቸው። ጓደኛ ሲያያቸው ያደንቃል፣ ፎቶ ይነሳሉ፣ ስማቸው ይጠራል። ከቴስታታው ስርና ከቢዬላው ጫፍ ላይ ተደብቆ ቀኑን ሙሉ የሚሸከመውን ብሎን ግን ማንም አያነሳውም። የሚነሳው ሲበጠስ ብቻ ነው። ያን ጊዜ ደግሞ ጨዋታው አልቋል።

ለዚህ ነው መኪና ወዳዶች ዘንድ አንድ ክርክር ሁልጊዜ የማይጠፋው። ሞተሩ ጉልበት ከተጨመረለት ፋብሪካው ያሰረበት ስታንዳርድ ብሎን ይበቃል? ወይስ ለውድድር ተብሎ የተሠራ፣ ዋጋው እጥፍ ድርብ የሆነ ብሎን መግዛት ግድ ነው? አንዱ ወገን "ቶዮታ ከእኔና ካንተ በላይ ያውቃል፣ አትንካው" ይላል። ሌላው ደግሞ "ሙሉ ሞተር ከምታጣ ብሎን ግዛ" ይላል። የሚገርመው ሁለቱም ልክ ናቸው። ልዩነቱ ሞተሩ ላይ የተጨመረው ነገር ምንድነው የሚለው ላይ ነው።

ብሎን ምን ይሠራል?

ብዙ ሰው ብሎን ሁለት ነገር አጣብቆ የሚይዝ ሚስማር ነገር ይመስለዋል። እውነቱ ሌላ ነው። ብሎን ስፕሪንግ ነው። ሲጠብቅ ይሳባል፣ ተስቦም ወደ ነበረበት ለመመለስ ይታገላል። ቴስታታውን ከሞኖብሎኩ ጋር፣ የቢዬላውን ቆብ ከቢዬላው ጋር ጨምድዶ የሚይዘው ይህ የመመለስ ትግል ነው። የሚሳብበት መጠን በዓይን አይታይም። ለውድድር የሚሠራ የቢዬላ ብሎን በትክክል ሲጠብቅ የሚረዝመው 0.15 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ የአንድ ወፈር ያለ ወረቀት ውፍረት ቢሆን ነው።

እዚህ ላይ አንድ ዋና ሕግ አለ። ብሎኑ የሚጨመድድበት ኃይል ሞተሩ ሊያላቅቀው ከሚሞክርበት ኃይል እስከበለጠ ድረስ ብሎኑ ሰላም ነው። ምክንያቱም ጭነቱ ቢመጣም ብሎኑ ራሱ ከቀድሞው ብዙ አይሳብም። የሞተሩ ኃይል የበለጠ ዕለት ግን መገጣጠሚያው ይከፈታል፣ ይዘጋል፣ እንደገና ይከፈታል። ብሎኑም እንደ ሽቦ ወዲህና ወዲያ ሲታጠፍ እንደሚሰበረው ይደክምና ይበጠሳል። ብሎን አብዛኛውን ጊዜ አንድ ቀን በአንድ ምት አይሞትም። ደክሞት ነው የሚሞተው።

ሁለት ጭነት፣ ሁለት ብሎን

ሞተር ውስጥ ብሎን ብዙ ነው። ክርክሩ ግን የሚያጠነጥነው በሁለቱ ላይ ነው። አንደኛው የቴስታታ ብሎን፣ ሁለተኛው የቢዬላ ብሎን። ሁለቱም ብሎን ይባሉ እንጂ ሥራቸው በረኛና አጥቂ የሚለያየውን ያህል ይለያያል።

የቴስታታ ብሎን ጠላት በሲሊንደሩ ውስጥ የሚፈነዳው ጋዝ ግፊት ነው። የአዲስ አበባ ልጆች የሚወዱትን አሮጌውን ኮሮላ ዲኤክስ እንውሰድ። ከእነዚህ መኪኖች ብዙዎቹ ላይ የነበረው 4ኬ የተባለው የቶዮታ ሞተር 1,290 ሲሲ ሲሆን የሲሊንደሩ ስፋት 75 ሚሊ ሜትር ነው። በፍንዳታው ጊዜ ግፊቱ 60 ባር ደረሰ ብንል ቴስታታውን ወደ ላይ የሚገፋው ኃይል ከአንድ ሲሊንደር ብቻ 2.7 ቶን ገደማ ይሆናል። ተርቦ ተጭኖ ግፊቱ 100 ባር ቢገባ ደግሞ 4.5 ቶን ይደርሳል። አንድ 10 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ጥሩ የሞተር ብሎን በበኩሉ 4 ቶን ገደማ ጨምድዶ መያዝ ይችላል። ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር ላይ አሥር እንዲህ ዓይነት ብሎን ካለ ለእያንዳንዱ ሲሊንደር አሥር ቶን ይደርሰዋል ማለት ነው።

ስለዚህ ፋብሪካው ሰፊ ትርፍ ትቷል። ነገር ግን ትርፉ ሁሉ ለጉልበት የተተወ አይደለም። ጓርኒሲዮኑ ጋዝና ውኃ እንዳያሳልፍ የራሱን ድርሻ ይወስዳል፣ ሙቀት የራሱን ይወስዳል። ሞተሩ ያለጊዜው እየፈነዳ ማንኳኳት ከጀመረ ደግሞ ግፊቱ ከተለመደው በላይ በቅጽበት ይዘላል። ጓርኒሲዮን የሚቃጠለው፣ ውኃና ዘይት የሚቀላቀለው፣ ያኔ ነው።

የቢዬላ ብሎን ጠላት ግን ሌላ ነው። እሱን የሚገድለው ፍንዳታው ሳይሆን ዙሩ ነው። ፒስተኑ ወደ ላይ በርሮ ጫፍ ሲደርስ ቆሞ መመለስ አለበት። ጭስ አስወጥቶ በሚጨርስበት ምት ላይ ከላይ የሚገፋው ግፊት ስለሌለ ፒስተኑን ይዞ የሚመልሰው ቢዬላው ብቻ ነው፤ ቢዬላውን ደግሞ ያሰሩት ሁለት ቀጫጭን ብሎኖች ናቸው። ፒስተኑና አብሮት የሚንቀሳቀሰው ነገር ግማሽ ኪሎ ይመዝናል ብንል፣ በዚያው በ4ኬ ሞተር ልክ በ6,000 ዙር ላይ ብሎኖቹን የሚጎትታቸው ኃይል ወደ 940 ኪሎ ይጠጋል። ዙሩ 7,500 ሲገባ 1,470 ኪሎ ይሆናል። ዙሩ የጨመረው በ25 በመቶ፣ ጭነቱ ግን በ56 በመቶ! ምክንያቱም ኃይሉ የሚያድገው በዙሩ እጥፍ ሳይሆን ዙሩ በራሱ ተባዝቶ ነው። ይህም በሴኮንድ ከ60 ጊዜ በላይ ይመላለሳል።

የቴስታታ ብሎን ሲሸነፍ ጓርኒሲዮን ይቃጠላል፣ መኪናው ያጨሳል፣ ጋራዥ ይገባል። ያናድዳል እንጂ ሞተሩ ይተርፋል። የቢዬላ ብሎን ሲበጠስ ግን ቢዬላው የሞኖብሎኩን ጎን ቀድዶ ይወጣል። ዘይቱ አስፋልት ላይ፣ ሞተሩ ለቁራሌው። የመጀመሪያው ቢጫ ካርድ፣ ሁለተኛው ቀጥታ ቀይ ነው።

አዲስ አበባ ለማን ታደላለች?

እዚህ ላይ ለአገራችን ሰው የሚጠቅም አንድ ነገር አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ነው ያለችው። የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻ ከተማ ጋር ሲነጻጸር አንድ አራተኛ ያህል ያንሳል። ጉልበት ከየት ጠፋ እያለ የሚያማርረው አሽከርካሪ መልሱ ይኼ ነው፤ ሞተሩ የሚተነፍሰው አየር ስስ ነው። ተርቦ የሌለው ሞተር እዚህ ከተማ ውስጥ ሲሠራ በሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ግፊትም በዚያው ልክ ይቀንሳል። የቴስታታ ብሎን ፋብሪካው ካሰበለት ጭነት ባነሰ ጭነት ይኖራል ማለት ነው። በአጭሩ ከፍታው ለቴስታታ ብሎን ያደላል።

ለቢዬላ ብሎን ግን አያደላም። የፒስተን ክብደት ሱሉልታም ሞቃዲሾም ያው ነው። በ7,500 ዙር የሚጎትተው ኃይል ከፍታ አያውቅም፣ አየር አያውቅም። ስለዚህ ካምሻፍት ቀይሮ፣ ካርቡራተር አስፍቶ፣ ያጣውን ጉልበት በዙር ለማካካስ የሚሞክር የአዲስ አበባ ልጅ ውድ የቴስታታ ብሎን ገዝቶ የቢዬላውን ከተወ ገንዘቡን የጣለው ባልተጠቃበት በኩል ነው። ኳሱ በግራ እየገባ ቀኝ ተመላላሽ እንደ መግዛት!

ተርቦ ሲመጣ ደግሞ ሒሳቡ ይለወጣል። ተርቦ አየሩን በግድ ስለሚያስገባ ከፍታው ያደረገውን ውለታ ይበላዋል። ከከፍታ ወደ ቆላ ሲወረድም ሌላ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አንዱ ተርቦውን አዲስ አበባ ላይ አስተካክሎ ድሬዳዋ ኳስ ለማየት ቁልቁል ቢወርድ የአየሩ ግፊት ወደ 15 በመቶ ይጨምርለታል፤ ሙቀቱም ሞተሩን ወደ ማንኳኳት ይገፋዋል። እዚህ ሰላም የነበረው ሞተር እዚያ ጓርኒሲዮን ቢያቃጥል የብሎኑ ጥፋት ላይሆን ይችላል፤ የአሰላለፉ ነው።

ከ80 ፈረስ ጉልበት ወደ 1,300

ስታንዳርድ ዕቃ ሁሉ ደካማ ነው ለሚል ሰው የሚነገር አንድ ታሪክ አለ። ቢኤምደብሊው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ 1500 የተባለች የቤተሰብ መኪና አወጣ፤ ጉልበቷ 80 ፈረስ ነበር። የዚያች መኪና ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር ትውልድ ኤም10 ይባላል። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ኢንጂነር ፖል ሮሽ የፎርሙላ ዋን ተርቦ ሞተር እንዲሠራ ሲታዘዝ መነሻ ያደረገው ይህንኑ የመንገድ መኪና የብረት ሞኖብሎክ ነው። ያውም አዲሱን ሳይሆን ብዙ የተሠራበትን አሮጌውን መረጠ። ብረቱ ደጋግሞ ሞቆና በርዶ ውስጡ የነበረውን ውጥረት ስለሚለቅ አይጣመምም ተብሎ ነበር።

እ.ኤ.አ. ጥቅምት 15 ቀን 1983 ደቡብ አፍሪካ ኪያላሚ ላይ የዓመቱ የመጨረሻ ውድድር ተደረገ። የብራብሃም ቢኤምደብሊው አሽከርካሪ ብራዚላዊው ኔልሰን ፒኬ (የቀድሞው የባርሴሎና ተከላካይ አይደለም!) ሦስተኛ ወጣ፤ ተፎካካሪው የሬኖው አለን ፕሮስት ደግሞ ተርቦው ተበላሽቶበት ወጣ። ፒኬ በ59 ለ57 ነጥብ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። በተርቦ ሞተር የተገኘ የመጀመሪያው የአሽከርካሪዎች ዋንጫ ያ ነው። በ1986 ይኸው ሞተር ለማጣሪያ ዙር ሲዘጋጅ ከ1,300 የፈረስ ጉልበት በላይ ይሰጥ እንደነበር ይነገራል። ከ1.5 ሊትር ብቻ!

ትምህርቱ ምንድነው? ሮሽ ስታንዳርድ ነው ብሎ አልናቀም፣ ስታንዳርድ ነው ብሎም ሁሉንም አልተወም። ሞኖብሎኩ እንደሚችል አረጋግጦ አስቀረው። ፒስተኑን፣ ቴስታታውን፣ ጭነት ያለበትን ሌላውን ሁሉ ለውድድር አሠራው። አሠልጣኝ ማለት እንዲህ ነው። ከአካዳሚ የመጣውን ልጅ ስለቻለ ያሰልፈዋል፤ ያልቻለበት ቦታ ላይ ይገዛል።

ጭንቅላቱ ላይ ያለው ቁጥር

ብዙ ብሎን ጭንቅላቱ ላይ ቁጥር አለው። 8.8፣ 10.9፣ 12.9 ይላል። የመጀመሪያው ቁጥር ብረቱ ሳይበጠስ የሚችለውን ይናገራል። 8 ማለት በአንድ ካሬ ሚሊ ሜትር 80 ኪሎ ገደማ፣ 10 ማለት 100፣ 12 ማለት 120 ነው። ከነጥቡ በኋላ ያለው ደግሞ ብሎኑ ላይመለስ ተስቦ የሚቀርበትን ልክ ያሳያል። ከነጥቡ በኋላ 8 ከሆነ ከመበጠሻው 80 በመቶ ላይ፣ 9 ከሆነ 90 በመቶ ላይ ተስቦ ይቀራል።

የውድድር ብሎን ከዚህ ያልፋል። በዚህ ሥራ ስሙ የገነነው ኤአርፒ የተባለው የካሊፎርኒያ ኩባንያ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1968 ተቋቋመ። ኤአርፒ 2000 ብሎ የሚጠራው ብረት በካሬ ሚሊ ሜትር 150 ኪሎ አካባቢ ይችላል። ኤል19 የተባለው ደግሞ 180 አካባቢ ይደርሳል። ታዲያ ሁሉም ሰው ለምን ኤል19 አይገዛም? ምክንያቱም በጣም የጠነከረ ብረት ቂመኛ ነው። ኤል19 እርጥበትን አይወድም። በእጅ ላብ እንኳ ሊጎዳ ስለሚችል በዘይት ተቀብቶ ነው የሚያዘውም የሚቀመጠውም። ከተጎዳ ሳይታጠፍ፣ ሳያስጠነቅቅ፣ ድንገት ይሰበራል። ለአንድ ቀን ውድድር የሚሆን ብሎን ለአምስት ዓመት የታክሲ ሥራ አይሆንም። ጥንካሬ ብቻውን ተጫዋች አያደርግም።

እዚህ ላይ የሚታለሉበት ነገር አለ። 12.9 የሚል ቁጥር ያየ ሰው ከዕቃ መሸጫ ሱቅ ባለ ስድስት ማዕዘን ቀዳዳውን ብሎን ገዝቶ ቢዬላ ላይ ላስገባ ይላል። ኧረ በፍጹም! የቢዬላ ብሎን የሚለየው በብረቱ ብቻ አይደለም። አንገቱ ቀጥኖ እንዲሳብ የተቀረጸ ነው። የውድድሩ ዓይነት ደግሞ ጥርሱ የሚወጣለት ብረቱ በእሳት ከጠነከረ በኋላ በመጫን ነው። ድካም የሚችለው በዚህ ነው። ቁጥሩ አንድ ነው ተብሎ ማልያው አንድ አይሆንም።

ሌላው የቃል ጣጣ ነው። ከውጭ በሚመጣ የውድድር ዕቃ ካርቶን ላይ "ፎርጅድ" የሚል ሲጻፍ ተቀጥቅጦ የተሠራ፣ ጠንካራ ብረት ማለት ነው። ሙገሳ ነው። መርካቶ ላይ ደግሞ "ፎርጅድ" ማለት አስመስሎ የተሠራ ማለት ነው። የታዋቂ ስም ያለበት ግን የውሸት የሆነ ብሎን በዓለም ገበያ ላይ ስላለ አንዳንዴ ሁለቱም ትርጉም በአንድ ካርቶን ላይ ሊገናኝ ይችላል። ምንጩ ያልታወቀ "የውድድር" ብሎን ከመግዛት ምንጩ የታወቀ ስታንዳርድ አዲስ ብሎን በብዙ እጅ ይሻላል።

ማጥበቅ ራሱ ግማሽ ጨዋታ ነው

በጣም ጥሩውን ብሎን ገዝቶ በግምት ማጥበቅ ሜሲን አስፈርሞ በረኛ ማድረግ ነው። በሜካኒኮች ዘንድ የታወቀ አንድ ሒሳብ አለ። ብሎን ለማዞር ከሚወጣው ጉልበት 50 በመቶ ያህሉ ከጭንቅላቱ ሥር ባለው ፍትጊያ ይበላል። 40 በመቶው በጥርሱ ላይ ይበላል። ብሎኑን በእውነት የሚስበው 10 በመቶ አካባቢ ብቻ ነው። ስለዚህ ፍትጊያው ትንሽ ሲለወጥ ውጤቱ በጣም ይለወጣል። ደረቅና ዝገት የነካው ብሎን ላይ ቶርክ ሬንቹ "ጠብቋል" ብሎ ቢጮህም በትክክል አልጠበቀም። ፋብሪካው በዘይት ብሎ የጻፈውን ቁጥር በልዩ ቅባት ካጠበቁበት ደግሞ ከልክ በላይ ይሳባል። የውድድር ብሎን ከራሱ ቅባትና ከራሱ ቁጥር ጋር የሚመጣው በዚህ ምክንያት ነው። የብሎኑን ከአንዱ፣ ቁጥሩን ከሌላው መውሰድ አይቻልም።

በአሁኑ ጊዜ ያሉ ብዙ ሞተሮች ደግሞ መጀመሪያ በቶርክ፣ ከዚያ በዲግሪ ይጠብቃሉ፤ ለምሳሌ እስከተባለው ቶርክ አጥብቆ ሩብ ዙር መጨመር። ይህ ፍትጊያውን ያልፈዋል፤ ብሎኑ የሚሳበው በጥርሱ ልክ ነውና። ከእነዚህ ውስጥ አንዳንዶቹ ላይመለሱ እስኪሳቡ የሚጠብቁ ናቸው። አንዴ ከተፈቱ ሥራቸው አብቅቷል። በብዙ የቶዮታ ሞተሮች መመሪያ ላይ ደግሞ የቴስታታ ብሎን ከመመለሱ በፊት ርዝመቱ ወይም የቀጠነበት ቦታ ይለካ ይላል፤ ከልኩ ከወጣ አዲስ ይገዛል።

በቴስታታ በኩል ሌላ አማራጭም አለ። ጭንቅላት የሌለው፣ ሁለቱም ጫፉ ጥርስ ያለው ስተድ ይባላል። ሞኖብሎኩ ላይ ቀድሞ ይገባና ቆሞ ይቀራል። የሚዞረው ከላይ ያለው ዳዶ ብቻ ነው። ብሎን ሲጠብቅ እየተጠመዘዘም እየተሳበም ነው፤ ስተድ ግን በአብዛኛው ይሳባል እንጂ አይጠመዘዝም፣ ስለዚህ የሚጨመድድበት ኃይል ከአንዱ ወደ ሌላው እኩል ይሆናል። ሞኖብሎኩ አልሙኒየም ከሆነና ቴስታታው በየጊዜው የሚፈታ ከሆነ ደግሞ ጥርሱን ከመበላት ያድናል።

የተሻለው ብሎን የሚያመጣው ጣጣ

የተሻሻለ ብሎን ገዝቶ በአሮጌው ቦታ መክተት ብቻ አይደለም ሥራው። የቢዬላ ብሎን ሲቀየር ጭመዳው ስለሚለወጥ ብሮንዚኑ የሚቀመጥበት ክብ ቅርጹ ሊዛባ ይችላል። ስለዚህ ብሎኑ በሙሉ ኃይሉ ጠብቆ ረቲፊካ ቤት ተለክቶ፣ ካስፈለገም እንደገና ክብ መደረግ አለበት። ይህን ዘለው ብሎኑን ብቻ የቀየሩ ሰዎች ብሎኑ ሳይበጠስ ብሮንዚን በልቶባቸዋል። ክራንክሻፍቱን ወደ ታች ያሰሩት ብሎኖች ላይም ነገሩ ያው ነው።

ቴስታታው ላይ ደግሞ ገጹ ካልተስተካከለ ብሎን ብቻውን አያድነውም። በሙቀት የተጣመመ ቴስታታን በኃይለኛ ብሎን መጨምደድ ችግሩን መደበቅ ነው። የሚያንኳኳ ሞተርንም ብሎን አይፈውሰውም። ብሎኑ ቢችል ቀጣዩ የሚሰበረው ፒስተኑ ነው። ደካማው ቦታ ይዛወራል እንጂ አይጠፋም። አንድ ተከላካይ በመግዛት ቡድን አይድንም የሚባለው እንዲህ ነው።

ታዲያ የቱ ይሻላል?

እንግዲህ አንድ ልጅ አሮጌ ሞተር አለው፣ ኪሱ ውስጥ ያለው ገንዘብ ልኩን ያውቃል እንበል። ምን ያድርግ?

ሞተሩን ያደሰው እንደ ፋብሪካው እንዲነዳ ከሆነ፣ ዙሩም ፋብሪካው ካሰመረው ቀይ መስመር ካላለፈ፣ ስታንዳርድ ብሎን ይበቃዋል። ግን አዲስ ስታንዳርድ! የከተማችን ትልቁ ችግር የስታንዳርድና የውድድር ምርጫ አይደለም፤ የአዲስና የአሮጌ ምርጫ ነው። ሦስት ጊዜ የተፈታ፣ የተሳበ፣ ዝገት የበላው ብሎን ስሙ ስታንዳርድ ቢሆንም ስታንዳርድነቱ ካለፈ ቆይቷል። ጡረታ የወጣ ተጫዋች የድሮ ስሙን ይዞ አይሰለፍም።

ተርቦ ሳይጭን ዙሩን የሚያሳድግ ከሆነ ገንዘቡን መጀመሪያ ቢዬላው ላይ ያውጣ። ብሎን፣ ከረቲፊካው ጋር። ቴስታታው በአዲስ ስታንዳርድ ብሎንና በጥሩ ጓርኒሲዮን ይቀመጥ፤ በዚህ ከፍታ ላይ ይችላል።

ተርቦ የሚጭን ከሆነ ግን ዙሩ ባይጨምርም ጭነቱ ቴስታታው ላይ ነው። መጠነኛ ግፊት ከሆነ ብዙ ሞተሮች በአዲስ ስታንዳርድ ብሎን ይችላሉ። ግፊቱ ከፍ እንዲል ከታሰበ ስተድ ያስገባ፣ ገጹን ያስተካክል፣ ነዳጁንና የእሳቱን ሰዓት ያስለካ። ሁለቱንም፣ ተርቦውንም ዙሩንም፣ ከፈለገ ደግሞ ሁለቱንም ብሎን መግዛት ግዴታው ነው። ገንዘቡ ለሁለቱ ካልበቃ ተርቦውን ማቆየት ይሻላል። ይህን የሚል ሰው ጋራዥ ውስጥ ብዙ ጭብጨባ ላያገኝ ይችላል፤ መኪናው ግን ወደ ቤት ያደርሰዋል።

በየትኛውም መንገድ ቶርክ ሬንች ሳይኖር፣ ብሎኑ ሳይጸዳ፣ የሚቀባው ሳይታወቅ ሥራው አይጀመር። ይህ ከሁሉም ርካሹ ነው። ከሁሉም የሚዘለለውም እሱ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1987 በሃንጋሪ ግራንድ ፕሪ የዊሊያምሱ ናይጄል ማንሴል ከመጀመሪያው ጀምሮ እየመራ ነበር። 76 ዙር ካለው ውድድር ስድስት ሲቀረው የቀኝ የኋላ ጎማው ዳዶ ወልቆ ሄደ። የሆንዳ ተርቦው ምንም አልሆነም፣ ሾፌሩም አልተሳሳተም። ውድድሩን የቡድን ጓደኛው ያው ኔልሰን ፒኬ አሸነፈ፣ በዓመቱ መጨረሻም ዋንጫውን ወሰደ። ማንሴል ያን ቀን ወደ ቤቱ የሄደው ሲመራ በነበረበት ውድድር በአንዲት ዳዶ ተሸንፎ ነው።